ዋጋው በውስጥ መስመር

ፎቶው ጥርት ያለ ነው። የቱርክ ጫማ፣ ከ37 እስከ 41 ቁጥር፣ በሦስት ቀለም። የሱቁ አድራሻና ስልክ ቁጥሩም ተጽፏል። የጎደለው ዋጋው ብቻ ነው። ከሥር አንዷ «ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ የተለመደው መልስ ይከተላል፦ «በውስጥ መስመር ያናግሩን»።

የአዲስ አበባ ችርቻሮ ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከዞረ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሏል። ገንዘቡ በቴሌብር ይላካል፣ ዕቃው በሞተር ቤት ድረስ ይመጣል። ዋጋ ግን ተደበቀ። የሚገርመውም ይኸው ነው፤ ስልክ ለንግድ ከዋለው ውለታ ትልቁ ዋጋን ከተደበቀበት ማውጣቱ ነበርና።

በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ ጠረፍ የሆነውን እንይ። ጥር 1989 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ባዳጋራ በምትባል ወደብ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው ሰርዲናቸውን ሊደፉ ተቃርበው ነበር። ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር በማይርቁ ገበያዎች ደግሞ 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ወሬ አልነበረም። በዚያው ዓመት ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አካባቢው መግባት ጀመረ። አጥማጆቹም ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ማቅናት ቻሉ። ነገሩን ያጠናው ኢኮኖሚስት ሮበርት ጄንሰን እንዳገኘው የአጥማጆቹ ትርፍ 8 በመቶ ጨመረ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋም 4 በመቶ ቀነሰ። የሚደፋ ዓሣም ከሞላ ጎደል ቀረ።

በእኛም አገር በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ የሚያሳዩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን በክልል ከተሞች ተክሏል፤ ዋጋ በስልክ የሚጠየቅበት መስመርም ዘርግቷል። ቀድሞ የቡና ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰማው ቡናውን ሊገዛ ከመጣው ሰው አፍ ነበር! ገበያው ወቀሳ አያጣውም፤ ይህን ውለታውን ግን መካድ ይከብዳል።

ዋጋ የሚደብቁት ነጋዴዎች ምክንያት አያጡም። ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል ይላሉ፤ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ስልክ ላይ የተጻፈን ቁጥር ከማረም የሚቀል ምን አለ? ተፎካካሪ ያየዋል የሚለውም አያስኬድም፤ ተፎካካሪ ደንበኛ መስሎ በውስጥ መስመር ከመጠየቅ ማን ያግደዋል? የሚቀረው ጮክ ተብሎ የማይነገረው ነው፦ ጠያቂን ዐይቶ ዋጋ መጥራት። የፕሮፋይል ፎቶና የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ብዙ ይናገራሉ። እርግጥ መርካቶም ፊት ዐይቶ የሚጠራ ሞልቷል። እዚያ ግን ጎረቤቱ ሱቅ የተጠራውን ዋጋ የሰማ ገዢ ይከራከራል፤ በውስጥ መስመር ሁሉም ለየብቻው ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። ዛሬ ለብዙው ሸማች የሱቁ መደርደሪያ ያ ፎቶ ስለሆነ ቁጥሩም እዚያው ላይ መስፈር አለበት።

ጥቂቶች ይጽፋሉ። ከእነሱ ፎቶ ሥር «ስንት ነው?» የሚል አይታይም፤ የሚነበበው «42 ቁጥር አለ?» ነው።