ስለ ሞተር ዘይት


ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሞተር ዘይት ዋጋ ስለ ከበደብን፥ እኛ የመካነ ሰላም የጭነት መኪና ሾፌሮች «ቆጣሪው ገና 5000 ኪሎ ሜትር አልሞላም» እያልን መቀየሩን እናዘገያለን። ነገር ግን ከጉንደወይን ስንመለስ የዓባይን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ሞተር፥ ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቆጥር እርሱ ብዙ ሰዓት ይደክማል፤ አቧራውም ሌላ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ እንኳ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቀኑን ያሳጥረዋል።

እኔ በጊዜው ቀይሬ ሳለ ሞተሬ ተበላ። ለካስ በርካሽ የገዛሁት፥ በታወቀ ጀሪካን ውስጥ ተጣርቶ የተሞላ አሮጌ ዘይት ኖሯል! ጋራዦች ባዶውን ጀሪካን እየበሱ ቢጥሉት ምን ይጎዳቸዋል?

አንድ ሾፌር፥ ከመካነ ሰላም