ዶላር አትላኩልን፣ የሻንሲ ቁጥሩን ተቀበሉን

በቁረይሻ፣ በገዳሪፍ፣ በየካምፑና በየእርሻው ያላችሁ፤ በጅዳ፣ በዱባይ፣ በአሜሪካ ሆናችሁ የእኛ ስልክ በጠራ ቁጥር ልባችሁ የሚደነግጥ ዘመዶቻችንም፤ ይህ ለእናንተ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ዕቃ ነው። «ሰው በጦርነት እያለቀ አንተ ስለ ፍሪሲዮን ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ አወራለሁ። እዚህ አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ቆመ ማለት ምጥ የያዛት እህት ገዳሪፍ ሆስፒታል የምትደርስበት አጣች ማለት ነው። አንድ ትራክተር ቆመ ማለት ሰሊጥ ሊያጭድ የወጣ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ባዶ እጁን ገባ ማለት ነው። አንዲት ባጃጅ ቆመች ማለት አንድ ቤት እራት የለም ማለት ነው። ክረምት ገብቶ ዋልካው መንገዱን ሲይዘው ደግሞ ባሰ። ስለዚህ የመለዋወጫ ነገር ለእኛ የቅንጦት ወሬ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አቋሜን ሳላድበሰብስ ልናገር። መኪና ሲበላሽ ለዘመድ እየደወልን «ይህን ያህል ዶላር ላክልን» ማለታችን ይቅር። ከገንዘብ ጥያቄ በፊት ቁጥር እንላክ። ዘመድም ገንዘቡን ለማይታወቅ ነጋዴ ከመበተን፣ ዕቃውን ራሱ ከታወቀ ወኪል የመለዋወጫ ክፍል በኢንተርኔት ጠይቆ፣ በራሱ ካርድ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ ይላክልን።

ለምን አሁን? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከዚያ ይመጣ የነበረው ዕቃ ተስተጓጎለ። የሱዳን የባንክ ካርድ የውጭ መደብር አይከፍልም፤ በእጃችን ያለው ባንካክ ነው። ይህን ክፍተት ያዩ ሰዎች በቴሌግራም ተሰለፉ። «ዱባይ ነኝ፣ ኦርጅናል ከወኪሉ አወጣለሁ፣ ግማሹን አስገባና በሳምንት ይደርስሃል» ይላሉ። ፎቶው ያምራል፣ ምክንያቱም ከካታሎግ የተገለበጠ ነው። እዚሁ አካባቢያችን አራት ልጆች በጋራ ለያዟት ፒክአፕ የኖዝል ግማሽ ዋጋ አስገብተው፣ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ስልኩን ዘጋባቸው። መኪናዋ ቆመች፤ አራቱም እርስ በርስ ተቀያየሙ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ኪሳራ ነው። ገንዘቡን የላከችው እህት በሚቀጥለው ጊዜ «ባለፈውም ለመኪና ብላችሁ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው። እዚያ ሆና ሌሊት ሠርታ የላከችው ገንዘብ የት እንደገባ ማየት አልቻለችም። እኛም እውነታችንን ነው፤ አልበላነውም። በሁለት እውነት መካከል ዝምድና ሲሞት ማየት ያሳምማል። ይህን የሚያድነው መሐላ አይደለም፤ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የትኛው ነው? የመኪናው የሻንሲ ቁጥር። በሞተሩ ክፍል ባለች ሳህን ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሻንሲው ላይም ተቀርጿል። ሙሉው 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ውስጡ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡም፤ ስለዚህ ክብ ሆኖ «ኦ» የሚመስላችሁ ሁሉ ዜሮ ነው። መጀመሪያው የት እንደተሠራ ይናገራል። ሃይሉክስ በ«ኤም አር ዜሮ» ከጀመረ ታይላንድ፣ በ«ኤ ኤች ቲ» ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው። የባጃጅ ኩባንያ የህንድ ባለሦስት እግር በ«ኤም ዲ 2» ይጀምራል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ግን ከ17 ያነሰ ቁጥር አለው፤ አትደንግጡ፣ እንዳለ ጻፉት። ቁጥሩን በድምፅ አትንገሩ። ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱት።

የወኪሉ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ካታሎጉ ውስጥ ሲያስገባ ለዚያች መኪና የሚሆነው ዕቃ ከነቁጥሩ ይወጣለታል። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አምስት እና አምስት ሆኖ ይጻፋል፤ የፊተኛው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራል። ለምሳሌ 04465 ብሎ የሚጀምረው የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ 31250 የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። «የሃይሉክስ ፍሪሲዮን ላክልኝ» ብሎ ማዘዝና በዚህ ቁጥር ማዘዝ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ሞተሩ ሲለያይ ዕቃው አይገጥምም። ያልገጠመ ዕቃ ከቁረይሻ ማን ይመልሰዋል?

አሁን ለዘመዶች። አሜሪካ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ፍቅራችሁን አውቃለሁ፤ ግን ለሃይሉክስ እናንተ የመጀመሪያ አድራሻ አይደላችሁም። ሃይሉክስ እዚያ ከተሸጠ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦታውን ታኮማ ወስዶታል። የእኛ ናፍጣ ላንድክሩዘር ፒክአፕም እዚያ አይሸጥም። ስለዚህ የአሜሪካ ወኪሎች ድረ ገጽ ቁጥራችንን አያውቀውም። ቀራቢው ገልፍ ነው። በሳዑዲ አብዱል ለጢፍ ጀሚል፣ በኤሚሬትስ አል ፉጠይም ሁለቱም ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቶዮታ ወኪል ናቸው፤ በእጃችን ያለውን ዓይነት መኪና ያውቁታል። ጅዳ ያለች እህት ከአሜሪካው ወንድም ትቀርባለች፤ ዕቃው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በፖርት ሱዳንና በከሰላ ገዳሪፍ ይገባል። የአሜሪካው ወንድም ድርሻውን ለጅዳዋ እህት ይላክ። እርስ በርስ ተደዋወሉ፤ ዘመዳሞች ናችሁ።

ከአሜሪካ የግድ የሚገዛ ካለ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ ስትገዙ «አሮጌው እስኪመለስ» ተብሎ ተጨማሪ መያዣ የሚከፈልበት አለ። አሮጌው ከዚህ ስለማይመለስ ያ ገንዘብ ቀረ ማለት ነው፤ ከዋጋው ጋር ደምሩት። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተሸጠ ብዙ መደብር አይመልስም። ሦስተኛ፣ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም። ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል። 100 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን ውስጡ 6 ኪሎ ቢሆንም እንደ 40 ኪሎ ይቆጠራል። መከላከያና ኮፈን በዚህ መንገድ ማስመጣት ሞኝነት ነው።

«ኦርጅናል ውድ ነው፣ ገዳሪፍ ሙሉ ገበያ አለ» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በከፊል። የዘይት ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ አምፖል ገዳሪፍ ጋራዥ ሰፈር ይገዛል፤ ለእሱ ባሕር አናቋርጥም። የፍሬን፣ የመሪ፣ የኖዝልና የፍሪሲዮን ዕቃ ግን ሌላ ነው። ፒክአፑ ላይ ሕፃንና እናት ተጭነው ፍሬኑ ቢከዳ «ረክሶ ነበር የገዛሁት» አይባልም። ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። ዴንሶና አይሲን ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ ዕቃ የሚያቀርቡ ናቸው፤ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጡ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። የወኪሉን ቁጥር ከያዛችሁ አቻውን መጠየቅ ቀላል ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ደረሰኝ ነው፤ እባካችሁ ይህን አትለፉት። ብዙዎቻችን የምንሠራበት መኪና ሊብሬው በሱዳናዊ ሸሪክ ስም ነው። አብዛኞቹ ሸሪኮቻችን ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሸሽተን ስንመጣ ያስጠለሉን እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሞት አለ፣ ጠብ አለ፣ ውርስ አለ። ያን ቀን በእጃችን የሚኖረው ወረቀት ብቻ ነው። ጅዳ ባለችው እህት ስም የወጣ፣ የዕቃው ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ያቺ መኪና ውስጥ የእኛም ላብ እንዳለ ይመሰክራል። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ «ከፍዬ ነበር» ከማለት ይሻላል። ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ ለሸሪካችሁም አሳዩ፣ ሁለታችሁም ያዙት። ግልጽነት ወዳጅነትን አያፈርስም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሾፌሮች፣ መኪናው ሳይቆም የሻንሲውን ሳህን ጠርጋችሁ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አኑሩ። መካኒኮች፣ «ዕቃ ያስፈልጋል» ብላችሁ ብቻ አትላኩን፤ የአሮጌውን ቁጥር አንብባችሁ ጻፉልን። ዘመዶች፣ ቁጥር ሳይመጣላችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ቁጥር ከመጣላችሁ ግን እባካችሁ አትዘግዩ። በግለሰብ አካውንት ግማሽ ክፍያ የሚጠይቅን ሰው፣ የአገራችሁን ልጅ ድምፅ ይዞ ቢመጣም፣ አትመኑ።

ስደት ብዙ ነገር ወስዶብናል። የቀረን መተማመን ነው፤ እሱን በተሰበረ ፍሪሲዮን ሰበብ አንጣው። ያወቀ ላላወቀ ያካፍል፤ ሼር አድርጉት፣ በተለይ ጅዳና ሪያድ ላሉት ይድረስ።