ድኻ ጥርስ ብቻ ነውን?



ባለፈው ሰሞን በምሳ ሰዓት አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩን የጫርኩት እኔ ነኝ። በኮልፌ ቀራንዮ ያሉት የጥርስ ሕክምና ቤቶች በሽተኛን የሚቀበሉበት አኳኋን መሻሻል አለበት ብዬ ብናገር፣ አንድ የማከብረው ጓደኛችን እንጀራውን ከጠቀለለበት ቀና ብሎ ሳቀና «ይኸ የቦሌ ሰው ጥያቄ ነው። ድኻው የሚፈልገው የሚያመው ጥርስ እንዲነቀልለት እንጂ እጅ እንዲነሡለት አይደለም። ይኸ ሁሉ ችግር ባለበት አገር ስለ ትሕትና ልትጽፍ ነውን?» አለኝ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩትም አብዛኞቹ ደገፉት።

አዎን፣ እጽፋለሁ። ለምን እንደምጽፍም ልንገራችሁ።

አክስቴ በአጣና ተራ አካባቢ ሽንኩርት ቸርችራ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ዕድሜዋ ከ60 አልፎአል። ጥርሷን ሲያማት መጀመሪያ ቅርንፉድ ነከሰች፤ ቀጥላ ጤና አዳም፤ ቀጥላ ነጭ ሽንኩርት። ጉንጯ አብጦ እንቅልፍ ባጣች ጊዜ ይዣት ወደ አንድ ሕክምና ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለምና። ከጧት እስከ እኩለ ቀን ጠበቅን። ተራዋ ሲደርስ የእኔ እኩያ የሚሆን ወጣት በበሩ ብቅ ብሎ «አንቺ! ግቢ!» አላት። በሰፈሯ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» የሚላትን ሴት! «አፍሽን ክፈቺ» ተባለች፤ መርፌው ተወጋ፤ ድዷ ገና ሳይደነዝዝ ጉጠቱ ገባ። ቢያማት እጇን አነሣች፤ «እጅሽን አውርጂ!» ተባለች። ሲያበቃ ጥጥ አስነክሰው አስወጧት። ጥርሱ ለምን እንደ ተነቀለ፣ ሊተርፍ ይችል እንደ ነበረ፣ ቤቷ ገብታ ምን ማድረግ እንዳለባት የነገራት ሰው የለም። ዋጋውንም የሰማችው ጥርሱ ከወጣ በኋላ ነው።

በመንገድ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ልጄ፣ ሁለተኛ አልሄድም፤ የቀሩትም በየተራቸው ይውደቁ» አለችኝ።

ጓደኛዬ ሆይ፤ ክርክርህ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የተዋረደ በሽተኛ አይመለስም። የጥርስ ሕመም ደግሞ ጊዜ የሚቆጥር ሕመም ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ይሞላል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ብዙ ምልልስና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የሥር ሕክምና ይፈልጋል፤ እስከ መጨረሻው ከቆየ መንቀል ብቻ ይቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ አይደለምን? እንግዲያውስ በበር ላይ «አንቺ!» ብሎ የሚጮኸው ወጣት ሳያውቀው የነገውን ጥርስ ዛሬ እየነቀለ ነው። ትሕትና የቦሌ ቅንጦት ነው ትላለህ። የተገላቢጦሽ ነው! ባለገንዘቡ ከተሰደበ ሌላ ቤት ይሄዳል። ያለ ትሕትና መኖር የሚችል እርሱ ነው። ሌላ ቤት የሌላት የሽንኩርት ነጋዴዋ ናት።

ደግሞም ትሕትና ብለህ የናቅኸው ነገር እኩሌታው ራሱ ሕክምናው ነው። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ በስዊድን አገር በሎፍግሬን ከተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ነው። ሥራውን እንዲሠራ የሚፈልገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እነዚያን ደቂቃዎች መንፈግ ትሕትና ማጉደል ሳይሆን ሰውን ያለ ማደንዘዣ መንቀል ነው። ስለሚሠራው ሥራ ለበሽተኛው አስረድቶ ፈቃዱን መቀበልም የደግ ሐኪም ስጦታ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የደነገገው ግዴታ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት ዕቅድም ባለሙያው «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» እንዲሆን ታዝዞ ነበር። ቃሉ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ከግድግዳው ወደ ወንበሩ ግን አልወረደም።

ሁለተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ እርሱ የሕክምና ቤት ባለቤት ነው። መሻሻል ሲባል ወለሉን ያስነጥፋል፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቅላል። በሽተኛን በቴሌቪዥን ፊት ሦስት ሰዓት ያስቀመጠ ሰው ወረፋውን አስጌጠው እንጂ አላሻሻለውም። ለቴሌቪዥኑ ገንዘብ የተገኘለት ቤት የዋጋ ዝርዝር የሚጻፍበት አንድ ወረቀት እንዴት ያጣል?

«ሐኪሙ አንድ፣ በሽተኛው ብዙ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። በአገራችን የጥርስ ሐኪም ለሕዝቡ ብዛት እጅግ ጥቂት ነው፤ መብራትም ይጠፋል፤ ዕቃውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ወጣቱም ሲውል የሚደክም የደኻ ልጅ ነው፤ በእርሱ ላይ ብቻ አልፈርድም። የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በየወረዳው ሲሞከር ሰው ሠራሽ ጥርስን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ከጥቅሙ ውጪ ያደረገው ማን ነው? ያ ሐሳብና የጓደኛዬ ሐሳብ አንድ ናቸው፤ የድኻ አፍ ጌጥ አይገባውም የሚል ነው። እንጀራ የሚታኘክበት ጥርስ ጌጥ ነውን?

ጥቂትነት ግን ለስድብ ምክንያት አይሆንም። በታንዛኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የተበላሸውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ያለ መብራትና ያለ መሰርሰሪያ የሚሞላ ዘዴ ተጀመረ። ያ ዘዴ የሚገለገልበትን መሙያና ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አግብቶአቸዋል። ስለዚህ መንቀል ብቻ የድኻ ዕጣ አይደለም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ በክፍለ ከተማችን፣ ዘነበወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት አለ። ሰው ሁሉ የሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቀብሎ፣ የታጠፈ ጣት በቀዶ ጥገና እያቃና፣ ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማ እየሰፋ፣ በሽታን ማዳንና ሰውን ማዳን የተለያዩ ሥራዎች እንዳልሆኑ አስተምሮአል። ኮልፌ ይህን ለአፍሪካ ያስተማረች ሰፈር ሆና ሳለ ለአንድ ጥርስ እትዬን ታዋርዳለችን?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤

1ኛ. የዋጋ ዝርዝር በበሩ ላይ ይለጠፍ።

2ኛ. በሽተኛ በስሙ ይጠራ፤ ታላቅ ሰው «እርስዎ» ይባል።

3ኛ. ከመነቀሉ በፊት ጥርሱ ይሞላ ወይስ ይነቀል፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ይነገረው፤ መርጦ ይፍቀድ።

4ኛ. ማደንዘዣው መሥራቱ ሳይፈተሽ ጉጠት አይነሣ። እጅ ሲነሣ ሥራው ይቁም።

5ኛ. በእንፋሎት የተቀቀለው መሣሪያ ከታሸገበት የሚወጣው በሽተኛው እያየ ይሁን። የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋልና።

6ኛ. ሲወጣ አንድ ወረቀት ይሰጠው፤ ጥጡን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ እንዲቆይ፣ እስከ ማግሥቱ በኃይል እንዳይጉመጠመጥ፣ ደሙ ካልቆመ እንዲመለስ የሚል። ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሰው በሚናገራቸው በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛና በስልጢኛም ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት።

ከነዚህ ውስጥ ዶላር የሚጠይቅ የትኛው ነው?

ለእኛም ድርሻ አለን። ስድስተኛውን ወረቀት የሕክምና ተማሪዎች ያዘጋጁት፤ የየቋንቋው ልጆች ይተርጉሙት፤ ይህች ጋዜጣ በምትባዛበት መኪና ይባዛ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሕክምና ቤቱ እናድርሰው። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ ይወስንበት። ስለ ሕዝብ ስንናገር የምንውል እኛ፣ ሕዝቡ በበር ላይ «አንቺ!» ሲባል ዝም ካልን ንግግራችን ለማን ነው?

ጓደኛዬ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ። ከመመለሱ በፊት ግን አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር ወረፋ ይያዝ፤ እኔ እሷን እንደ ምንም እለምናታለሁ።

የኮልፌው ተማሪ