የላላ ቆዳ ይወገድ ወይስ ይቆይ?

«ምነው ከሳህ?» በአገራችን የስጋት ሰላምታ ነው። በላሊበላና በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ይህ ጥያቄ ታሪክ አለው። በ1977 ዓ.ም. በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር በደረሰው ረኃብ የላላ ቆዳ ሞት መቃረቡን የሚያመለክት ምልክት ነበር። ማራስመስ በተባለው የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በመቀመጫው ላይ ያለው ቆዳ እንደ ሰፊ ሱሪ ተጨማዶ ይንጠለጠላል። መድኃኒቱም በጥንቃቄ የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ሕፃኑ ሲያገግም ቆዳው ይሞላል።

ይህ ትዝታ ባለበት አካባቢ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረቱን በፈቃዱ የቀነሰ ሰው ለገና ወደ ዘመዶቹ ቢሄድ፣ የፊቱና የክንዱ ቆዳ መላላት ብቻውን «ታሟል» ሊያሰኘው ይችላል። ጤናውን ያሻሻለ ሰው እንደ በሽተኛ ሲታይ፣ ትርፉን ቆዳ በቀዶ ሕክምና ለማስወገድ ቢቻኮል አያስደንቅም። እኛ ግን ለዚህ ውሳኔ ሚዛን መሆን ያለበት የተመልካች ዓይን ሳይሆን፣ ቆዳው በባለቤቱ ዕለታዊ ኑሮ ላይ ያሳደረው ችግር ነው እንላለን።

በቅድሚያ ቆዳ ለምን እንደሚላላ እንመልከት። ሐኪሞች የሰውነትን ገጽ ስፋት የሚገምቱበት አንድ ቀመር አለ፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በክብደት በኪሎ ግራም ተባዝቶ ለ3600 ይካፈልና ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ክብደቱን ከ120 ወደ 72 ኪሎ ግራም ቢቀንስ፣ የገጹ ስፋት ከ2.38 ወደ 1.84 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ ከግማሽ ካሬ ሜትር ይበልጣል። ቆዳ ከዚህ ትርፍ የተወሰነውን ይሰበስባል፤ ሁሉንም ግን አይችልም። ከመለጠጥ ወሰኑ በላይ የተሳበ ሞላ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ለዓመታት የተወጠረ ቆዳም ኮላጅንና ኢላስቲን የተባሉት የፕሮቲን ክሮቹ ይጎዳሉ። ሰውነት ኢላስቲንን በብዛት የሚሠራው በጽንስነትና በልጅነት ዘመን በመሆኑ፣ በኋላ የጠፋው በቀላሉ አይተካም። ስፖርት ጡንቻን ያዳብራል እንጂ የተጎዳን ክር አይቀጥልም፤ ቅባትም እንዲሁ። ስለዚህ የላላ ቆዳ የስንፍና ማስረጃ አይደለም።

እንግዲያስ መቼ ይወገድ? በሆድ ላይ የታጠፈ ቆዳ ላብ ይይዛል፤ ይፋተጋል፤ ይቆስላል፤ ለፈንገስም ይመቻል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ የአሸተን ማርያምን አቀበት በእግሩ ለሚወጣ፣ ወይም ሲያጭድ ለሚውል ሰው ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ታክሞ የሚመላለስ ቁስል ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምናን ቢመርጥ ምርጫው ቅንጦት ሊባል አይገባም።

ይሁን እንጂ ዋጋው አስቀድሞ ይታወቅ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ጠራቢ ያነሣውን ድንጋይ መልሶ መለጠፍ እንደማይችል ሁሉ፣ የተቆረጠ ቆዳም አይመለስም። ቀዶ ሕክምናው ረጅም ጠባሳ ይተዋል፤ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ መጠራቀምና የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል። ኬሎይድ የተባለው ያበጠ ጠባሳም በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ሐኪሞች ክብደቱ ለወራት እስኪረጋ መጠበቅን፣ በቂ ፕሮቲን መመገብንና ሲጋራ ማቆምን ይመክራሉ። ሰውየው መልሶ ቢወፍር ቆዳው ዳግም ይለጠጣልና። ለላስታ ነዋሪ ደግሞ ወደ ትልቅ ከተማ መጓዝና ቁስሉ እስኪድን ለክትትል መመላለስ ይጨመርበታል። ቆዳው የማያሳክከው፣ የማያቆስለውና ከሥራ የማያግደው ሰው ይህን ሁሉ ለሰው አፍ ብሎ ሊከፍል አይገባውም። በገዛ ዓይኑ ከብዶት፣ ጉዳቱንና ጥቅሙን መዝኖ ቢወስን ግን ውሳኔው የራሱ ነው።

ተማሪ አንባብያን የሚያበረክቱት ድርሻ ቀላል ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ከስቶ ሲመጣ «ምነው ከሳህ?» ከማለት በፊት «ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ መልሱን በትዕግሥት መስማት ይገባል። የተመልካች ፍርድ ሲቀንስ፣ ምላጭ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ለባለቤቱም ለሐኪሙም ይቀላል።