የብስክሌተኛው ደኅንነት በናይሮቢ ጎዳናዎች

ብስክሌት ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ጢስ የማያወጣ፣ በሚገባ ከተያዘም ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል መጓጓዣ ነው። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ደመወዙ ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኛ፣ በየቀኑ ለማታቱ፣ ማለትም ለሕዝብ ማመላለሻ መኪና፣ የሚከፈለው ሂሳብ ቀላል ሸክም አይደለም። ከዚህ ወጪ ለመዳን በብስክሌት ወደ ሥራው የሚመላለስ ሰው ግን ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ይጓዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ተጓዦች ናቸው። እንግዲህ የብስክሌተኛው ደኅንነት የማን ኃላፊነት ነው? የነጂው ብቻ ነውን?

በቅድሚያ የነጂውን ድርሻ መመልከት ይገባል። ስለ ደኅንነት ሲነሣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ራስ ቁር ነው። እርግጥ ቁር ከባድ የራስ ቅል ጉዳትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ቁር የሚጠቅመው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ፍሬንና መብራት ግን አደጋው ራሱ እንዳይደርስ ያደርጋሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሠራተኛ አስቀድሞ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ማስጠበቅ፣ ጎማውን በበቂ አየር መሙላት፣ የላላ ካቴና ማስተካከል፣ ደወልም ማስገጠም አለበት። በዝናብ ወራት፣ በተለይም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ውኃ የነካው ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ጎርፍ የሞላው ጉድጓድም ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ፍጥነትን መቀነስ ግዴታ ነው።

የመብራት ነገር ደግሞ በናይሮቢ ልዩ ትኩረት ይሻል። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይወርዳል። ከሥራ በ11 ሰዓት የሚወጣና ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ሠራተኛ ቤቱ ሳይደርስ ይመሽበታል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከላይም ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ያላደረገ ብስክሌተኛ፣ እርሱ መኪናውን ቢያየውም የመኪናው ሾፌር እርሱን ላያየው ይችላል።

ከመሣሪያው ባልተናነሰ አነዳዱም ወሳኝ ነው። በኬንያ ተሽከርካሪ የሚጓዘው በግራ በኩል ነው። ስለሆነም ከአዲስ አበባ ሄዶ በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ቀኝ የለመደ ዓይኑን እንደገና ማስተማር ይኖርበታል፤ መንገድ ከማቋረጡ በፊት መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት አለበት። ማታቱ ተሳፋሪ የሚያወርደው በግራ በኩል በመሆኑ፣ በቆመ ማታቱና በእግረኛ መንገድ መካከል ሾልኮ ለማለፍ መሞከር አደገኛ ነው፤ ከኋላ ሆኖ መታገሥ ይሻላል። ሊታጠፍ በተዘጋጀ የጭነት መኪና ጎን መጠጋትም እንዲሁ ነው፤ ሾፌሩ ከጎኑ ያለውን ብስክሌተኛ በመስታወት ላያየው ይችላልና።

ነጂው ይህን ሁሉ ቢያሟላም ግን በቂ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች ብስክሌት ለትልቅ ከተማ አይሆንም፤ አደጋ የፈራ ይተወው ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ግን አማራጭ የሌለውን ሠራተኛ የሚዘነጋ ነው። መንገድ የሚሠራው ከሁሉም ዜጋ በተሰበሰበ ሀብት ነውና መኪና የሌለውም ባለ መብት ነው። የናይሮቢ አስተዳደር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ፖሊሲ ከመንገድ ሥራ በጀት 20 በመቶው ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች እንዲውል አስቦ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተውና 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ፈጣን መንገድ ብስክሌት የማይገባበት ነው። ፈጣን መንገድን ለመኪና ብቻ መለየት በራሱ ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው ለብስክሌተኛው ከሥሩም ሆነ ከጎኑ የተለየ መተላለፊያ ሳይዘጋጅለት ሲቀር ነው። የተለየ መስመር በሌለበት ጎዳና ላይ የወደቀን ሰው «ቁር አላደረገም» ብሎ መውቀስ እውነቱን በግማሽ መናገር ነው።

ይህ ጉዳይ ለናይሮቢ ብቻ የሚተው አይደለም። በብስክሌት ተጠቃሚዎቿ ለምትታወቀው ለባሕር ዳርም ሆነ ለአዲስ አበባ ትምህርት ይሆናል። ነጂው ፍሬኑን፣ መብራቱንና ቁሩን ያሟላ፤ ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ አስተዳደሩም መንገዱን ያዘጋጅ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሁለቱ ድካም ሙሉ ፍሬ አይሰጥም፤ ጠዋት ለእንጀራው የወጣ ሠራተኛም ማታ በሰላም ወደ ልጆቹ ለመመለሱ ዋስትና አይኖረውም።