ስለ ወላድ ሴት የሽንት ፊኛ

በሴት ሆድ ውስጥ የሽንት ፊኛ ከማሕፀን ፊት ተጠግቶ ይገኛል። ስለዚህ ምጥ ጸንቶ ሐኪም ሕፃኑን በቀዶ ጥገና ሲያወጣ፥ ይልቁንም ሴቲቱ አስቀድማ በዚሁ መንገድ ወልዳ ጠባሳው ከፊኛዋ ጋራ የተጣበቀ እንደ ሆነ፥ ምላጩ ሳይታሰብ ፊኛውን ሊያቈስለው ይችላል። ይህ በብልኅ ሐኪም እጅም የሚደርስ ነው።

ቁስሉ በዚያው ሰዓት ከታየ፥ ሐኪሙ በሚሟሟ ክር ደርቦ ይሰፋዋል፤ ሰማያዊ ቀለም ያለበት ውሃም ሞልቶ እንዳያፈስ ይመረምረዋል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ በቀጭን ቧንቧ ከ7 እስከ 14 ቀን ድረስ እየወረደ ቁስሉ ይሽራል። ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ ግን ሽንት ያለ ፈቃድ የሚፈስበት ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ምጥም እጅግ ሲዘገይ የሕፃኑ ራስ ፊኛውን ከአጥንት ጋራ ጨቍኖ ይህንኑ ያመጣል።

እንግዲህ በቢቸናና በሞጣ ያላችሁ የቤተ ሰብ አለቆች ሆይ፥ ይህን እናሳስባችኋለን። ምጥ የያዛትን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱ፤ ቀድሞ በቀዶ ጥገና ወልዳ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቧንቧው ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይወጣ ጠብቁ። ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ሽንት ቢያመልጣት፥ ጥፋቱ የርስዋ አይደለምና አትራቋት፤ ፈጥናችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ ኋላ ለዚሁ ሕመም የሚሆን ሐኪም ቤት አቋቁመዋል፤ ለጎጃም ሰው የሚቀርበው ቅርንጫፉ በባሕር ዳር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።