ኤም ማን ናት?

በከሚሴና አካባቢዋ ብዙው ተማሪ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። «ዋይ እኩል ይሆናል ኤምኤክስ ሲደመር ቢ» ብሎ ይሸመድዳል። ኤም ማን እንደሆነች ጠይቁትማ!

ኮንትራት ባጃጅ መነሻው 20 ብር፣ በየኪሎ ሜትሩ ደግሞ 10 ብር ቢሆን፣ ቢ 20 ናት፤ ኤም 10። ጭማሪው ሁሌም እኩል ስለሆነ መስመሩ አይታጠፍም።

ኳድራቲኩስ? ቦርከና ዳር በ40 ሜትር አጥር አራት ማዕዘን ጓሮ እንከልል። አንዱ ጎን 5 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 75 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሲሆን 100፤ 15 ሲሆን ተመልሶ 75። ወጥቶ የሚወርደው ኩርባ ይኸው፣ ከነጫፉ።

እንግሊዝኛው ይቅር አላልንም። ቀመሩ ሰሌዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን ባጃጁና ጓሮው ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይቅደሙ እንላለን።